ድራይቨሬ 240 ያርድ ይሄዳል፤ ናይሮቢ ላይ ከየትኛው ቲ ልነሳ? (ጥያቄ ከጅማ)

ቡና_ቀማሽ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ጅማ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለቅምሻ ሥልጠና ናይሮቢ አራት ወር ቆይቼ ነበር። ጎልፍን ያወቅኩት ያኔ ነው። አብሮኝ የሚሠለጥን ኬንያዊ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ስመለስ ያገለገሉ ዱላዎች ከነቦርሳቸው ገዝቼ መጣሁ። ከመሃል የጎደለችው 4 ቁጥር አይረን (ባለ ብረት ራስ ዱላ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ምቱ ያጥራል) ብቻ ናት።

እዚህ የምለማመደው በሰቃ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የግጦሽ መስክ ላይ ነው። የመስኩ ባለቤቶች ፈቅደውልኛል። እሁድ እሁድ ከብቶቹ ሳይሰማሩ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። የአካባቢው ልጆች ኳስ ይለቅሙልኛል፤ ስመታ ከኋላዬ እንዲቆሙ አጥብቄ አስተምሬያቸዋለሁ።

አሁን ጥያቄዬ። ኅዳር ላይ ናይሮቢ ያሉ ቡና ገዢዎች የጎልፍ ቀን አላቸው፤ እኔም ተጋብዣለሁ። 18 ሆል (እያንዳንዱ ከመነሻ እስከ ጉድጓድ) ነው፣ በአራት በአራት ሰው እየተቧደኑ። የሜዳውን ካርድ በቴሌግራም ላኩልኝ። በቀለም የሚለዩ አምስት ቲ፣ ማለትም የመነሻ ቦታዎች፣ አሉት። ጥቁሩ 7,050 ያርድ፣ ሰማያዊው 6,700፣ ነጩ 6,250፣ ቢጫው 5,800፣ ቀዩ 5,250። የሚመቸኝን ቀለም መርጬ በሚቀጥለው ሳምንት ውስጥ ፎርም መሙላት አለብኝ።

በድራይቨር፣ ሩቅ በሚመታው ረጅም ዱላ፣ 240 ያርድ እመታለሁ። ሃንዲካፕ፣ የተጫዋቹን ችሎታ የሚያሳየው ቁጥር፣ ገና የለኝም። አንድ ጓደኛዬ “ወንድ ከነጩ ነው የሚነሳው፣ አለቀ” አለኝ። እውነት ነው? አብረውኝ የሚጫወቱት ቡናችንን የሚገዙ ሰዎች ናቸው። ላሳፍራቸውም፣ ላዘገያቸውም አልፈልግም።

ሁለተኛ፣ ኳሷን የምናስቀምጥባት ችካል፣ እሷም ቲ ነው ስሟ፣ ርዝመቷ ስንት ቢሆን ይሻላል? ከናይሮቢ ያመጣኋቸው አልቀዋል። ቡና ሲጎነደል ከወደቀው ቅርንጫፍ በቢላዋ እየቀረጽኩ እየሠራሁ ነው። ጠንካራ እንጨት ነው፣ ቶሎ አይሰበርም። ግን የሠራኋቸው ሁሉ አጫጭር ናቸው፤ ጣት ያህል።

---

ፈረንጅ_አራዳ

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! የሰፈሬ ልጅ ናይሮቢ ሄዶ ጎልፍ ሲጫወት ማየት ያኮራል።

ነጩን ሙላ። እኔ ዱባይ በነበርኩ ጊዜ ሁላችንም ከነጩ ነበር የምንመታው። 240 የሚመታ ሰው ወደፊት ሄዶ ምን ይሠራል? ቀዩማ የሴቶች ነው። ገዢዎቹ ፊት ጠንከር ብለህ ታይ።

---

ጡረተኛ_ቀያሽ

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጅማ ላይ ተቀምጬ ስለ ጎልፍ የሚያወራ ሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስለዚህ ታገሠኝና ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

እኔ ቀያሽ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቆጪ ሰፈር ነው የምኖረው። ለመንገድ ሥራ ናይሮቢ 11 ዓመት ኖሬያለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ዘጠኙን ዓመት ጎልፍ ተጫውቻለሁ።

መጀመሪያ “240 እመታለሁ” ያልከውን እንይ። ይህን እንዴት ለካኸው? በመስክህ ላይ አንድ ቀን አንዲት ኳስ በጣም ጥሩ ሆና ሄደች፤ ልጆቹ ጮኹ፤ አንተም ቦታዋ ድረስ ሄደህ በእርምጃ ቆጠርክ። እንዲህ ከሆነ ያቺ ምርጥ ምትህ ናት። ቀያሽ ምርጥ ልኬቱን አይመዘግብም። ደጋግሞ ይለካና አማካዩን ይወስዳል። አንተም ቡና ስትቀምስ አንድ ሲኒ ጣፋጭ ሆነ ብለህ ለከረጢቱ ሁሉ ነጥብ አትሰጥም። አምስት ሲኒ ትደረድራለህ፤ አንዱ ከተበላሸ እሱም ይቆጠራል። ኳስም እንደዚያው ነው።

በዓለም ላይ በተደረጉ ልኬቶች የተራው አማተር ወንድ ድራይቨር በአማካይ ከ215 ያርድ ብዙም አይርቅም። በቴሌቪዥን የምናያቸው የአሜሪካ ባለሙያዎች ወደ 300 ይመታሉ። የእነሱን እያየን የራሳችንን ማስረዘም ለምዶብናል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ስለዚህ በመጀመሪያ ለካ። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን የ50 ሜትር ሜትር ተዋስ። ከምትመታበት ቦታ ጀምረህ በየ50 ሜትሩ እስከ 250 ድረስ ችካል ትከል፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ እሰርበት። ከዚያ በድራይቨር 20 ኳስ ምታ። ሃያውንም ቁጠር። የተንሸራተተችውም፣ ወደ ቁጥቋጦው የገባችውም ትቆጠራለች። አንድ ልጅ ጎን ላይ፣ ራቅ ብሎ፣ ዛፍ ስር ይቁምና ኳሷ መጀመሪያ መሬት የነካችበትን ይይልህ። በአየር የሄደችውና ተንከባልላ የቆመችው ለየብቻ ይጻፍ። ሜዳው እርጥብ ከሆነ ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኳሷ ጭቃው ውስጥ ቁጭ ትላለች። በበጋ ግን 20 ሜትር ልትንከባለል ትችላለች። የምትተማመንበት በአየር የሄደውን ነው።

በኋላም በ5 ቁጥር አይረን እንደዚሁ 20 ኳስ ምታ። ለምን እንደሆነ ቆይተህ ታየዋለህ።

ሜትሩን ወደ ያርድ ስትለውጥ በ1.09 አባዛ። በዓይንህ ለመገመት ደግሞ የእግር ኳስ ሜዳን አስብ። ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ 105 ሜትር ነው፤ ወደ 115 ያርድ ማለት ነው። 240 ያርድ ማለት ሁለት ሜዳ ጫፍ ለጫፍ ተቀጥሎ፣ ከዚያም ዘጠኝ ሜትር ተጨምሮበት ነው። ዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ገብተህ ከአንዱ ግብ ወደ ሌላው እያየህ ይህን አስበው። ሩቅ ነው።

ቁጥሩን ካገኘህ በኋላ ምርጫው ቀላል ነው። በ2011 የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበርና የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር ሰዎች ወደፊት ቀርበው እንዲነሱ የሚያበረታታ ዘመቻ ጀምረው ነበር። ያኔ የወጣ መመሪያ አለ፤ እኔ ወረቀቱን ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ አጥፌ ለዓመታት ይዤዋለሁ። በአማካይ 275 ያርድ የሚመታ ሰው ከ6,700 እስከ 6,900 ያርድ ባለው ሜዳ ይጫወት ይላል። 250 የሚመታ ከ6,200 እስከ 6,400። 225 የሚመታ ከ5,800 እስከ 6,000። 200 የሚመታ ከ5,200 እስከ 5,400። 175 የሚመታ ከ4,400 እስከ 4,600። እንደምታየው ከ225 ወደ 200 ሲወርድ ሜዳው በ600 ያርድ ያጥራል። ለዚህ ነው በአሥርና በሃያ ያርድ ራሳችንን ማታለል ዋጋ የሚያስከፍለው።

ሌላው መንገድ የ5 ቁጥር አይረንህን አማካይ በ36 ማባዛት ነው። 150 ያርድ ከሆነ 5,400 ያርድ ይመጣል። እኔ ይሄኛውን የበለጠ አምነዋለሁ፤ ሰው በአይረን ብዙም አይኩራራም።

ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ? አንድ ፓር 4፣ በአራት ምት ይጠናቀቃል የሚባል ሆል፣ ውሰድ። ከሩቁ ቲ 410 ያርድ ነው እንበል። በድራይቨር 200 ከመታህ 210 ይቀርሃል። ያንን በሁለተኛ ምት ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ላይ የሚያደርስ ዱላ ቦርሳህ ውስጥ የለም። ስለዚህ በኃይል ትወዘውዛለህ፤ ኳሷ ትጠመዘዛለች፤ ሣር ውስጥ ትጠፋለች። ከፊተኛው ቲ ያው ሆል 320 ቢሆን 120 ይቀርሃል። 9 ቁጥር ወይም 8 ቁጥር አውጥተህ ግሪኑን ታያለህ። ባለሙያዎቹም የሚጫወቱት እንደዚህ ነው። ረጅሙ ሜዳቸው ለእነሱ ምት አጭር ነው፤ ሁለተኛ ምታቸው አብዛኛውን ጊዜ በአጭር አይረን ነው። አንተ ከነጩ ብትነሳ እነሱ ከማያውቁት ሜዳ ጋር ነው የምትታገለው።

የራሴን ልንገርህ። የመጀመሪያ ዓመት ከወጣት መሐንዲሶች ጋር እጫወት ነበር። እነሱ ከሰማያዊው ይነሳሉ፤ እኔም ከሰማያዊው። 40 ዓመቴ ነበር፤ ጉልበት ነበረኝ፤ ወደኋላ መቅረት አልፈለግኩም። አንድ ቀን 127 ምት መትቼ ወጣሁ፤ በጎልፍ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚሻለው። ዘጠኝ ኳስ ጠፋብኝ። ከኋላ ያሉት ቡድኖች ሁለት ጊዜ ቆመው ጠበቁን። ማታ ወገቤን ይዤ አደርኩ። ይህ ጨዋታ ለእኔ አይደለም ብዬ ዱላዎቹን ለመሸጥ ተነስቼ ነበር።

ቦርሳዬን የሚይዝልኝ ካዲ ሽማግሌ ነበሩ። ብዙ አይናገሩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰማያዊውን አልፈው፣ ነጩን አልፈው ሄዱና ቦርሳዬን ቢጫው ጋ አስቀመጡት። ምንም አላሉኝም። ቆመው ጠበቁኝ። እኔም ዝም ብዬ ሄጄ መታሁ። ያን ቀን 104 ወጣሁ። ከቁጥሩ ይልቅ ግን የማልረሳው ሌላ ነው። በአራት ሆል ላይ በፓር የመግባት ዕድል አግኝቼ ፑተሬን፣ ግሪን ላይ የሚመታበትን ዱላ፣ ይዤ ቆሜያለሁ። ከዚያ በፊት እንዲያ ዓይነት ስሜት አላውቅም ነበር። ሰባተኛው ሆል ላይ እጄ እየተንቀጠቀጠ ያገባኋት ኳስ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለች።

አንድ ወዳጅም ነበረኝ። በ50ዎቹ ዕድሜው 260 ይመታ የነበረ ሰው ነው። 65 ሲሞላው ምቱ ወደ 200 ወረደ። “ወደፊት እንሂድ” ብንለው እምቢ አለ። ከነጩ ካልሆነ ብሎ ሁለት ዓመት ታገለ፤ ከዚያ ጨርሶ ተወው። ትከሻውም ሆነ ጉልበቱ ደህና ነበር። ገና ብዙ ዓመት አብረን እንጫወት ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል። ወንድሜ ፈረንጅ አራዳ፣ በክፋት እንዳልመከርከው አውቃለሁ። ግን “ወንድ ከነጩ” የምትለዋ ቃል ያንን ሰው ከሜዳ አስወጥታዋለች።

ርቀት ብቻም አይደለም። ችሎታህንም እይ። ከ20 ኳስ ስንቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል? ካርዱ ላይ ውኃ ወይም ሸለቆ የሚያሻግር ሆል ካለ፣ ከኋላ ሲነሱ በአየር 170 ያርድ የሚፈልገው ከፊት 110 ሊሆን ይችላል። ከ20 ኳስ 12ቱ ብቻ የሚሻገርልህ ከሆነ ወደፊት ቅረብ። ሃንዲካፕ የሌለው ሰው ቁጥሩ ሁለት ቀለም መሃል ላይ ቢጥለው አጭሩን ይምረጥ ባይ ነኝ።

ስለ ከፍታው እድለኛ ነህ። አየሩ ሲሳሳ ኳስ ይርቃል። ጅማም ናይሮቢም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያሉ ናቸው፤ ስለዚህ እዚህ የለካኸው እዚያም ይሠራልሃል። ግብዣው ሞምባሳ ቢሆን ኖሮ ከ200 ያርድ ላይ አሥር አሥራ አምስቱን ቀንስ እልህ ነበር።

አሁን ወደ ችካሏ። የቡና እንጨት መቅረጽህን ሳነብ ደስ አለኝ። ድሮ ቲ የሚባል እንጨት አልነበረም። እርጥብ አሸዋ በእጅ ቆንጥረው ጉብታ ይሠሩና ኳሷን እላዩ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በ1899 ጆርጅ ግራንት የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም፣ ሐርቫርድ ያስተማረ ሰው ነው፣ ለእንጨት ቲ የፈጠራ መብት ወሰደ። ለንግድ አላዋለውም፤ ለወዳጆቹ ነበር የሚሰጠው። አንተም ከእሱ መንገድ ላይ ነህ።

ጣት ያህል ያልከው ለአይረን ይሆናል። ለድራይቨር ግን ያጥራል። የአሁን ድራይቨር ራሱ ትልቅ ነው። መሬት ላይ ስታስቀምጠው የኳሷ ግማሽ ከድራይቨሩ አናት በላይ መታየት አለበት። ለዚህ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ያለው ችካል ይሻላል፤ ሩቡ ወይም ሲሶው መሬት ውስጥ ይገባል። ሕጉ የሚፈቅደው እስከ 101.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ አታስረዝመው። አይረን ስትመታ ደግሞ ኳሷ ከሣሩ ትንሽ ብቻ ከፍ ትበል። አጭር ችካል ላይ ድራይቨር እየመታህ ከሆነ ኳስህ ዝቅ ብላ እየሄደች ይሆናል። ረጅም ሠርተህ ሞክርና ከዚያ ለካ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። መነሻው ላይ ካሉት ሁለት ባለ ቀለም ምልክቶች መስመር ፊት ኳስህን እንዳታስቀምጥ። ወደኋላ ሁለት የዱላ ርዝመት ድረስ መሄድ ትችላለህ፤ ጠፍጣፋ ቦታ ፈልግ። እግርህ ውጭ ቢቆም ችግር የለውም፤ ኳሷ ግን ውስጥ ትሁን። በምት ቆጠራ ጨዋታ ከውጭ ከመታህ ሁለት ምት ይጨመርብሃል፤ ተመልሰህም ከትክክለኛው ቦታ ትመታለህ።

---

ናይሮቢ_ያለች_ነርስ

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ካዲው ቦርሳውን ያስቀመጡበትን ሳነብ እንባዬ መጣ። እዚህ ያሉ ሽማግሌ ካዲዎች እንዲያ ናቸው።

ወንድሜ ቡና ቀማሽ፣ እኔ ጎልፍ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ስለ ቀዩ አንድ ነገር ልጨምር። “የሴቶች ቲ” የሚባለው አነጋገር እየቀረ ነው። ቀለም የሚያመለክተው ርዝመትን ነው። እኔ የምጫወትበት ሜዳ ላይ ከቀዩ የሚነሱ ወንዶች አሉ፤ 15 ዓመት ልጅም፣ 70 ዓመት ጡረተኛም። እኔ ደግሞ ከቢጫው የምትነሳ ጓደኛ አለችኝ፤ ከእኔ በ30 ያርድ ትበልጣለች። ማንም ዞር ብሎ አያያትም።

“ከፊት ብነሳ ያጭበረበርኩ ይመስላል” ብለህ እንዳትሰጋ። እያንዳንዱ ቲ የራሱ የክብደት ደረጃ አለው። ከ2020 ጀምሮ ባለው የዓለም የሃንዲካፕ ሥርዓት ለአንድ ሰው የሚሰጠው ተጨማሪ ምት፣ ከድምሩ የሚቀነስለት ማለት ነው፣ በተነሳበት ቲ ይሰላል። ስሎፕ የሚባል ቁጥር ካርዱ ላይ ታገኛለህ፤ መካከለኛው 113 ነው፤ ከዚያ በበለጠ ቁጥር ሜዳው ለተራ ተጫዋች እየከበደ ይሄዳል። ከቀላሉ ቲ ስትነሳ የሚሰጥህ ምት ያንሳል። ስለዚህ አራታችሁ ከአራት ቀለም ተነስታችሁም በእኩል ትወዳደራላችሁ። አንተ ሃንዲካፕ ስለሌለህ አዘጋጆቹን አስቀድመህ ጠይቃቸው፤ ለቀኑ አንድ ነገር ይሰጡሃል።

ሌላው፣ ኅዳር እዚህ የትንሿ ዝናብ ወቅት ነው። ሜዳው ይረጥባል። የኪኩዩ ሣር የሚባለው ደግሞ ወፍራም ነው፤ ኳስ ይይዛል። ጋሼ እንዳሉት በአየር የሄደውን ብቻ ቁጠር። መንከባለል የሚባል ነገር ባትጠብቅ ይሻልሃል። ዝናብ የሚችል ጫማና ሁለት ጓንት ያዝ።

ጊዜ ካገኘህ ካረን የሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ያለውን ሜዳም እይ። ክለቡ የተመሠረተው በ1937 ነው፤ መሬቱ ቀድሞ የቡና እርሻ ነበር። ለአንተ የተለየ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ ነው።

---

ቡና_ቀማሽ

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። እርስዎ እንዳሉኝ አደረግኩ። እህቴ፣ አንቺንም እግዜር ይስጥልኝ።

ሐሙስ ማታ ስምንት ረጃጅም ችካል ቀረጽኩ፤ 7 ሴንቲ ተኩል። እሁድ ሜትሩን ከአንድ ግንበኛ ጎረቤቴ ተውሼ ሄድኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ልጆቹ በየ50 ሜትሩ ችካል ሲተከል የመሬት ልኬት መስሏቸው ሽማግሌ ጠርተው መጡ። አስረድቼያቸው አብረውን ቆሙ፤ አንዱ ሽማግሌ ጭራሽ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠሩልኝ ጀመር።

ሃያውንም ቆጥሬያለሁ። ትልቋ 221 ሜትር ሄደች። እሷ ናት የእኔ 240፤ በያርድ 242 ማለት ነው። ትንሿ 94 ሜትር ናት። በአየር የሄዱት አማካይ 178 ሜትር ወጣ፤ 195 ያርድ። ቀጥ ብለው የሄዱት 11 ናቸው። በ5 ቁጥር አይረን አማካዩ 132 ሜትር ነው፤ 144 ያርድ። በ36 ሳባዛው 5,184 መጣ።

ይህን ቁጥር ሳይ ትንሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ 240 እመታለሁ ስል ነበር። ወረቀቱን ደጋግሜ ደመርኩት፤ ያው ነው።

በካርዱ መሠረት ወደ ቀዩ ይወስደኛል፤ 5,250። ቢጫውን ልሙላ ወይስ ቀዩን? እውነቱን ለመናገር ቀዩን ስጽፍ እጄ ከበደኝ። 33 ዓመቴ ነው። ገዢዎቹ ምን ይሉኝ ይሆን የሚለው አልለቀቀኝም።

---

ጡረተኛ_ቀያሽ

በርታ። ሃያውን ሁሉ መቁጠርህ፣ 94ቱን እንኳ መጻፍህ፣ ትልቅ ነገር ነው። እኔ በአንተ ዕድሜ ያንን አላደርግም ነበር።

ቀዩን ሙላ። ቢጫው 550 ያርድ ይረዝማል። በ18 ስታካፍለው በአማካይ በየሆሉ 30 ያርድ ነው። 30 ያርድ ማለት 8 ቁጥር ይዘህ ትመታ የነበረውን 5 ቁጥር ይዘህ መምታት ማለት ነው። 5 ቁጥርህ ደግሞ አማካዩ 144 ነው። እርጥብ ሜዳ ላይ፣ ሰው እያየህ፣ 18 ጊዜ። ከ20 ኳስ 11 ብቻ ቀጥ ለሚልለት ሰው አሁን አልመክርም።

ስለ ገዢዎቹ። ጎልፍ የሚጫወት ሰው አብሮት ያለውን የሚያስታውሰው በቀለሙ አይደለም። አስጠብቆኝ ነበር ወይ፣ ኳሴን ስፈልግ አብሮኝ ፈለገ ወይ፣ ግሪን ላይ ስመታ ዝም አለ ወይ፤ ይህን ነው የሚያስታውሰው። ከቀዩ ተነስተህ ሁለተኛ ምትህ ግሪን አጠገብ ስትወድቅ አብረውህ ደስ ይላቸዋል። ከነጩ ተነስተህ በየሆሉ ሰባት ስምንት ስትመታ ግን አራት ሰዓት ተኩል ሙሉ ስለ ቡና ለማውራት እንኳ ትንፋሽ አይኖርህም። የተጠራኸው ደግሞ ለዚያም ጭምር ነው።

አንድ ልምምድ ደግሞ ልስጥህ። ከቀዩ ስትነሳ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 130 ያርድ ይቀርሃል። ስለዚህ ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ድራይቨሩን አሥር ጊዜ ብቻ ምታ። የቀረውን ሰዓት ከ90 እስከ 120 ሜትር ላይ አውለው። መስኩ መሃል ጆንያ አንጥፍና በ8 ቁጥርና በ9 ቁጥር እሱ ላይ ለማሳረፍ ሞክር። ለእያንዳንዱ ዱላ አማካዩን ጻፍ። ያቺን ወረቀት ይዘህ ነው ናይሮቢ የምትሄደው።

---

ፈረንጅ_አራዳ

ጋሼ፣ ያሉት ገብቶኛል። እኔ ራሴ ዱባይ ስንት ኳስ እንደጣልኩ አሁን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ለካ ወደኋላ ቆሜ ነው። ወንድሜ ቡና ቀማሽ፣ ነጩን ያልኩህን ተወው። እሁድ ስትወጣ ብትነግረኝ መጥቼ እለካ ነበር፤ የእኔንም ቁጥር ማወቅ እፈልጋለሁ።

---

ቡና_ቀማሽ

ፎርሙን ዛሬ ጠዋት ላክሁ። ቀዩን ነው የጻፍኩት። ሃንዲካፕ እንደሌለኝም ነገርኳቸው። አዘጋጇ በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሰችልኝ፤ ከቡድኔ ሌላም አንድ ሰው ቀዩን መርጧል አለች፤ አብረን እንነሳለን።

ፈረንጅ አራዳ፣ ና እንጂ! እሁድ 12 ሰዓት ንጋት፣ ሰቃ መውጫ ላይ እጠብቅሃለሁ። ጋሼ፣ እርስዎም ቢመጡ ደስታዬ ነው። መኪና አለኝ፤ ቆጪ መጥቼ ልውሰድዎ።

---

ጡረተኛ_ቀያሽ

እመጣለሁ። የግንበኛውን ሜትር መልስለት፤ የራሴ የ100 ሜትር አለኝ፤ ከጡረታ ወዲህ ከሣጥን አልወጣም። አምስት ረጃጅም ችካል ለእኔም ቅረጽልኝ። ድራይቨሬን ዛሬ ከአልጋ ስር አውጥቼ አየሁት፤ መያዣው ደርቋል፤ በሞቀ ውኃና ሳሙና አጥቤ ሰቅየዋለሁ። እስከ እሁድ ይደርቃል።